ከአፕል ከረጢት እስከ ሳይደር ጠርሙስ

መስከረም ሲገባ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለው አበሻ ልጆቹን መኪና ላይ ጭኖ ወደ አፕል እርሻ ይወጣል። ልጆቹ ይሯሯጣሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማንም ሳያስበው ከረጢቱ ጢም ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ፍሪጁን አጨናንቆ፣ ግማሹ ጋራዥ ውስጥ መጨማደድ ጀምሮ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ አፕል ሰልችቶት ይገኛል። ያኔ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሳል፤ «ጠጅ እጥል የለም እንዴ? ይኼንንስ ለምን እንደዚያው አልጥለውም?»

መጣሉን ትጥሉታላችሁ፤ «እንደዚያው» የሚለው ነው የማያስኬደው። ጠጅ ላይ እጃችሁ እስከ መጨረሻው ይገባል። ጎመዘዘ ሲባል ማር ይጨመራል፣ ከበደ ሲባል ይበረዛል፣ ጌሾው ይገባል፣ ይወጣል። ከአፕል ጭማቂ የሚጠመቀው ሳይደር ግን ውኃም ጌሾም አይገባበትም። ስኳሩም፣ ኮምጣጣነቱም፣ ምሬቱም አፕሉ ከዛፍ ሲወርድ አብሮት የወረደ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ በአብዛኛው እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው። ከታች ካሉት ዘጠኝ ደረጃዎች የመጀመሪያው የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው። እሱን አበላሽታችሁ ሌሎቹን ብታሳምሩ ዋጋ የለውም።

ለጀማሪ አንድ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ገደማ፣ ይበቃል። ለዚህ ከ8 እስከ 9 ኪሎ አፕል ያስፈልጋል፤ እርሻዎቹ የሚሸጡት የግማሽ ቡሼል ከረጢት ሲሞላ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ዕቃውን ለቅሚያ ከመውጣታችሁ በፊት አዘጋጁ፦ ጋሎን የሚይዙ ሁለት የመስታወት ዕቃዎች፣ ለአፋቸው ልክ የሆነ የጎማ ውታፍና ኤርሎክ፣ ለምግብ የሚሆን ባልዲ ከነክዳኑ፣ ስስ ንጹሕ ጨርቅ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚሆን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ የስኳሩን መጠን የሚለካ ሃይድሮሜትር። ኤርሎክ በውስጡ ውኃ የሚይዝ ትንሽ ክዳን ነው፤ ጋዙን ያስወጣል፣ አየር አያስገባም። ሃይድሮሜትሩን «ያለ እሱም እናቶቻችን ጥለዋል» ብላችሁ እንዳትዘሉት። ጠጅ ተጣርቶ ቶሎ ስለሚጠጣ ነው ያለ መለኪያ የሚያምርበት፤ ሳይደር ታሽጎ ወራት ስለሚቀመጥ ውስጡ የቀረው ስኳር ምን ያህል እንደሆነ ካላወቃችሁ ጠርሙስ ሊፈነዳባችሁ ይችላል።

ሕጉንም በአጭሩ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሳይደርን ከወይን ጠጅ ጋር ይቆጥረዋል፤ አንድ አዋቂ ባለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ባሉበት ደግሞ 200 ጋሎን ለቤት ፍጆታ ያለ ግብር መጥመቅ ይፈቅዳል። መሸጥ ግን አይቻልም፤ ለሰርግም ለምግብ ቤትም ቢሆን። አልኮል በተከለከለበት እንደ ኩዌት ባለ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች አራተኛው ደረጃ ላይ ቁሙ። ጭማቂው ብቻውንም ግሩም ነው።

1. ሦስቱን ጣዕም እየቆጠራችሁ ልቀሙ

እርሻው ውስጥ ከመልቀማችሁ በፊት ከየዓይነቱ አንዳንድ ቅመሱ። ንከሱ፣ በደንብ አላምጡ፣ ጭማቂውን በምላሳችሁ አገላብጡና ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ያህል ይጣፍጣል? ምን ያህል ይኮመጥጣል? ከዋጣችሁት በኋላ ደግሞ ያልበሰለ ሙዝ እንደሚያደርገው ምላስና ድዳችሁን ይይዛል ወይስ ምንም ሳይል ያልፋል? ይኼ የመጨረሻው ታኒን የሚባለው ነው፤ ለሳይደር አካልና አጥንት የሚሰጠው እሱ ነው።

ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? ሲፈላ ስኳሩ ተበልቶ አልኮል ይሆናልና ነው። ጣፋጭነቱ ይሄዳል፤ የሚቀረው ኮምጣጣነቱ፣ ታኒኑና ሽታው ብቻ ነው። ጣፋጭ አፕል ብቻ መርጦ የጨመቀ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ውኃ ውኃ የሚል፣ ሞቅ ከማድረግ ሌላ ጣዕም የሌለው መጠጥ ነው። ለመብላት የሚያስደስተው አፕል ለመጥመቅ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ አንዴ ነክሳችሁ ፊታችሁን የምታጨማድዱበት ፍሬ ጋሎኑ ውስጥ ወርቅ ነው።

በሸናንዶዋ ሸለቆ፣ በዊንቸስተር ዙሪያና በሻርለትስቪል አካባቢ ባሉ እርሻዎች ከምታገኟቸው ውስጥ ፉጂ፣ ጋላና ጎልደን ዴሊሼስ ከጣፋጮቹ ወገን ናቸው፤ ስኳሩ ከእነሱ ይመጣል። ግራኒ ስሚዝ፣ ዋይንሳፕ፣ ስቴይማንና አልበማርል ፒፒን ኮምጣጣነቱን ያመጣሉ። ዋይንሳፕ ስሙ እንደሚጠቁመው ወይን ወይን የሚል ጭማቂ አለው፤ ከአንድ ዓይነት ብቻ ልቀሙ ብባል እሱን ነው የምለቅመው። ታኒኑን የሚሰጡት ትንንሾቹ ክራብ አፕሎች ናቸው። ሂዩስ ክራብ የሚባለው የቨርጂኒያ ዝርያ ትንሽ ፍሬ ሆኖ ስኳርም ኮምጣጣነትም ታኒንም አንድ ላይ ይዟል፤ ካገኛችሁት አትለፉት። በየመንገዱ ዳር ለጌጥ የተተከለውን ክራብ አፕል ግን መድኃኒት እንዳልተረጨበት ሳታረጋግጡ አትንኩ።

ሬድ ዴሊሼስን ተዉት። ቀይነቱ ያምራል፤ ኮምጣጣነትም ጠረንም የለውም። ሃኒክሪስፕ ደግሞ ውድ ነው፤ እሱን ብሉት።

መጠኑን እንዲህ አድርጉ፦ ግማሹ ጣፋጭ፣ ሲሶው ኮምጣጣ፣ የቀረው ክራብ ወይም ሌላ ምላስ የሚይዝ አፕል። የእንግሊዝ የሳይደር ባለሙያዎች አፕልን ሲከፋፍሉ መስመሩን የሚያሰምሩት ከኮምጣጣነት 0.45 በመቶ አሲድ፣ ከታኒን 0.2 በመቶ ላይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የገበታ አፕል ሁሉ ማለት ይቻላል ከታኒኑ መስመር በታች ነው። ክራብ ካጣችሁ አንድ ከረጢት ጥቁር ሻይ በግማሽ ሲኒ የፈላ ውኃ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ፣ ቀዝቅዞ፣ ለአንድ ጋሎን ጭማቂ ጨምሩ። ማታለል ቢመስልም የሻይ ታኒን በደንብ ይሠራል። በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅሉት አና እና ዶርሴት ጎልደንም የገበታ አፕሎች ስለሆኑ፣ አገር ቤት ለምትሞክሩ ሻዩ ከማንም በላይ ለእናንተ ያስፈልጋል።

እንግሊዝ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በሄርፎርድሺርና በሶመርሴት ዳቢኔትና ያርሊንግተን ሚል የሚባሉ ለሳይደር ብቻ የተተከሉ መራራ ጣፋጭ አፕሎች አሉ፤ ብራምሊ ደግሞ ኮምጣጣውን ይሞላላችኋል። ፍራንክፈርትና አካባቢው ያላችሁ ቦስኮፕን ፈልጉ። እዚያ በመኸር ወቅት አፕላችሁን ወስዳችሁ በክፍያ የሚጨምቁላችሁ ቤቶች ስላሉ አራተኛው ደረጃ ላይ ግማሹ ድካም ይቀንስላችኋል።

ጊዜውም ለውጥ ያመጣል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የሚደርሱት ዝርያዎች ለመብላት ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም ስኳራቸውና ሽታቸው የዘገዩትን አያክልም። በዓመት አንዴ ብቻ የምትወጡ ከሆነ ኦክቶበር አጋማሽን ጠብቁ። አፕሉን ወደ ላይ አንስታችሁ ስታዞሩት ያለ ትግል ከለቀቀ ደርሷል፤ አንዱን ቆርጣችሁ ፍሬውን እዩ፣ ቡናማ መሆን አለበት። መሬት የወደቀውን አታንሱ። ከዛፉ ሥር አጋዘንና ከብት ይዞራል፤ ከእበቱ ወደ ፍሬው የሚሻገረው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ በእሳት ያልፈላ የአፕል ጭማቂ የጠጡ ሰዎችን ክፉኛ አሳምሟል።

2. ቤት ስትደርሱ አትቸኩሉ

የተለቀመውን አፕል በካርቶን ላይ በአንድ ረድፍ ዘርግታችሁ ቀዝቀዝ ባለ ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አቆዩት። በዚህ ጊዜ ውስጥ የቀረው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ሥጋውም ላላ ስለሚል ጭማቂውን በቀላሉ ይለቃል። በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት ትንሽ ጎድጎድ ካለ ጊዜው ደርሷል፤ ጣታችሁ ከገባ አልፎበታል።

ሦስት አራት ቀን እየቆጠራችሁ እያገላበጣችሁ እዩ። የተመታውንና ጥቁር ነጥብ ያለውን ቆርጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። የሻገተውን ግን ሻጋታውን ብቻ ቆርጦ ማዳን የለም። ሻጋታው የሚያመነጨው ፓቱሊን የሚባል መርዝ ዓይን ወደማያየው ሥጋ ስለሚዘልቅ ሙሉውን ጣሉት።

3. ዕቃውን እጠቡ፣ ግን አታጥኑ

የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ለጠላ ትክክል ነው። እዚህ ግን ተዉት፤ የአፕል ሽታ ስስ ስለሆነ ጢሱ ውጦ ያስቀረዋል። ሽታ ያለው የዕቃ ሳሙናም እንዲሁ ነው። በሙቅ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ከዚያ ለጠመቃ ዕቃ የሚሸጠውን እንደ ስታር ሳን ያለ ማጽጃ በሊትር ውኃ 1.5 ሚሊ ሊትር ያህል በጥብጣችሁ ሁሉንም ዕቃ ለሁለት ደቂቃ አርጥቡበት። አረፋው ቢቀር ችግር የለውም፤ ማለቅለቅ አያስፈልግም። በረኪና ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ ትንሽ እንኳ ከቀረ የመድኃኒት ሽታ ይዞ ይመጣል፣ በኋላም ምንም አያስለቅቀውም።

ይህን ደረጃ ከቱቦው ጀምራችሁ እስከ ማንኪያው ሥሩት። አንድ ያልጸዳ ነገር ከተረሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ነው የሚረሳው።

4. ጭመቁ

መፍጫና መጭመቂያ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያለ እነሱም ይቻላል። አፕሉን እጠቡ፣ አራት ቦታ ቁረጡ፣ መሐሉን ከነፍሬው አውጡና በከረጢት አድርጋችሁ ቢያንስ ለአንድ ቀንና ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። በረዶው የሥጋውን ሕዋሳት ይሰነጣጥቃቸዋል። አውጥታችሁ በባልዲ ውስጥ ሲቀልጥ ቁርጥራጩ እንደ ራሰ ስፖንጅ ይሆናል። በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ጫፉን ጠምዝዛችሁ፣ ወንፊት ላይ ከባድ ነገር ጫኑበት። ጉልበት ያለው ሰው ይጠምዝዝ፤ ከዚያ አሳርፉት፣ ደግማችሁ ጠምዝዙ። የመጀመሪያው ጭማቂ በራሱ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ዙር ነው የሚያለፋው፣ ግን ከቆዳው የሚወጣው ሽታና ታኒን ያለው እዚያ ነው።

ጁሰር ያላችሁ በዚያው መጭመቅ ትችላላችሁ፤ አረፋው ብዙ ስለሚሆን አሳድራችሁ ከላይ ቅረፉት። በብሌንደር ከፈጫችሁ ፍሬውን ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ ፍሬው ሲፈጭ ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር ይለቃል፣ ይመርራልም።

ጭማቂው ወዲያው ቡና ይመስላል። አትደንግጡ፣ ሎሚም አትጨምሩ፤ ሲፈላ ቀለሙ ይመለሳል። «ይንጻ» ብላችሁ በእሳት አታፍሉት፤ እሳት የነካው ጭማቂ ፔክቲኑ ስለሚረጋ በኋላ እንደደፈረሰ ይቀራል። ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት የምትሰጡትን ድርሻ ግን አሁኑኑ ለይታችሁ በእሳት አንተክትኩት። የእነሱ መጠጥ መጥራት አይጠበቅበትም።

ዘንድሮ ለመልቀም ካልወጣችሁ ከሱቅ ጭማቂ መግዛትም ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ በመኸር «ሳይደር» ተብሎ በጋሎን የሚሸጠው አልኮል የሌለው ጭማቂ ነው። የተጻፈበትን አንብቡ፤ ፖታሲየም ሶርቤት ወይም ሶዲየም ቤንዞኤት ካለበት መልሱት፣ እርሾው አይነሳም። ፓስቸራይዝድ መሆኑ ግን ችግር የለውም።

5. ለኩ፣ ጠንስሱ

ጭማቂውን ወደ ባልዲው አጥልሉት፤ ከላዩ ቀድታችሁ ሃይድሮሜትሩን ጣሉበት። ከ1.045 እስከ 1.055 ባለው መካከል ከቆመ ደህና ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ያለ እሱ መጨረሻ ላይ የአልኮሉን መጠን ማወቅ አትችሉም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያው ቁጥር የመጨረሻውን ቀንሱና በ131 አባዙት። ከ1.050 ተነስቶ 1.000 የደረሰ ሳይደር 6.5 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። ከ1.045 በታች ከሆነ በጋሎን 40 ግራም ስኳር ስትጨምሩ ቁጥሩ በ0.004 ያህል ከፍ ይላል። ማር የምትወዱ ማር ጨምሩ፤ ግን በዚህ ሰዓት ነው፣ በኋላ አይደለም። ምክንያቱን ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

የፒኤች መለኪያ ወረቀት ካላችሁ ከ3.2 እስከ 3.8 ፈልጉ። ከ3.8 ካለፈ ጭማቂው ተህዋስያንን የሚከላከልበት አቅም ስለሌለው ኮምጣጣ አፕል ጨምቃችሁ ደባልቁ።

ቀጥሎ ካምደን የሚባለውን ኪኒን ለአንድ ጋሎን አንድ አድቅቃችሁ በትኑበት። ሰልፋይት ነው፤ ከቆዳው ጋር የመጡትን የማይፈለጉ ተህዋስያን ያዳክማል። ባልዲውን በጨርቅ ሸፍናችሁ 24 ሰዓታት ጠብቁ። አስም ያለበት ሰው ሰልፋይት ሊቀሰቅስበት ስለሚችል እንግዳ ከመጋበዛችሁ በፊት ንገሩት። ኪኒኑ ከገባ ከግማሽ ቀን በኋላ ፔክቲን የሚሰብረውን ኢንዛይም በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ፤ ኋላ ላይ ጥርት የሚለው በእሱ ነው።

6. እርሾ ጨምሩ

ጠጅ እርሾውን ከማሩና ከጌሾው ይዞ ነው የሚመጣው። አፕልም ቆዳው ላይ የራሱ እርሾ አለው፤ በአስቱሪያስና በኖርማንዲ በእሱ ብቻ የሚጥሉ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያ ጋሎናችሁን ግን ለዕድል አትስጡት። የዳቦ እርሾም አይሆንም፤ ዳቦ ዳቦ ይላል፣ ከሥር ረግቶም አይቀመጥም። ለወይን የተዘጋጀ እርሾ በፓኬት ግዙ። ላልቪን 71ቢ የአፕሉን ኮምጣጣነት ለስለስ ያደርጋል፤ ኢሲ 1118 ደግሞ ብርቱ ነው፣ በቀዝቃዛ ቤትም አያቆምም፣ ነገር ግን ስኳሩን አሟጦ ደረቅ ያደርገዋል።

የ5 ግራሙን ፓኬት ግማሽ በሩብ ሲኒ ለብ ባለ ውኃ ላይ በትናችሁ ሩብ ሰዓት ተዉት። ውኃው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ የፈላ ውኃ ይገድለዋል። ጭማቂውን ወደ መስታወቱ ዕቃ ስትገለብጡ አራት ጣት ክፍት ተዉ፤ አለዚያ አረፋው ኤርሎኩን ገፍቶ ኮርኒሱን ያጥበዋል። እርሾውን ጨምሩ፣ የእርሾ ምግብ የሚባለውን ዱቄት በፓኬቱ ልክ ጨምሩ፣ ኤርሎኩን ውኃ ሞልታችሁ ግጠሙ።

7. ተዉት

ጠጅ ጣይ ለሆነ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። መክደኛውን ከፍቶ ማሽተት፣ በጣት መቅመስ፣ ማማሰል፣ ሁሉም እዚህ ክልክል ነው። ዕቃውን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በፋራናይት ከ60 እስከ 65፣ ባለበት ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ምድር ቤት ተስማሚ ነው፤ ማሞቂያው አጠገብ ያለው የኩሽና ጥግ አይደለም። ሙቀት ሲበዛ በሳምንት ያልቃል፣ የአፕሉም ሽታ ከጋዙ ጋር ይወጣል። ቀዝቀዝ ብሎ በዝግታ ሲፈላ ግን ሽታው ውስጡ ይቀራል።

በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ኤርሎኩ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ይጀምራል፤ ቡናማ አረፋ ይሰበሰባል፣ ይወርዳል። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከመጣ እርሾው ምግብ አጥሯል ማለት ነው፤ ጥቂት የእርሾ ምግብ ጨምሩለት፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በሳምንት አንዴ ኤርሎኩ ውኃው እንዳልደረቀ እዩ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል።

8. ከአተላው ለዩት

ቡልቅታው በደቂቃ አንዴ እንኳ መሆኑ ሲቀር ለኩ። ከ1.005 በታች ከወረደ ወደ ሁለተኛው ዕቃ አዛውሩት። የሞላውን ጠረጴዛ ላይ፣ ባዶውን መሬት ላይ አድርጉ፤ የቱቦውን አንድ ጫፍ ከአተላው ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ሌላውን ጫፍ እስከ ባዶው ዕቃ ወለል ድረስ አውርዱ። እያንጠባጠበና እየተረጨ ከወረደ አየር ይጠጣል። እስካሁን የነበረው ጋዝ ይከላከልለት ነበር፤ ከአሁን በኋላ ግን አየር ጠላቱ ነው። ኮምጣጤ የሚያደርገው ባክቴሪያ አየር ከሌለ አይሠራም፤ ኩሽና ውስጥ የምታይዋት ትንሿ የፍራፍሬ ዝንብም ያንን ባክቴሪያ በእግሯ ይዛ ትዞራለች።

ስለዚህ ሁለተኛው ዕቃ እስከ አንገቱ መሙላት አለበት። አተላው ጋር የቀረው ካጎደለው ከሱቅ በተገዛ ደረቅ ሳይደር ወይም ሶርቤት በሌለበት ጭማቂ ሙሉት። በውኃ አትሙሉት። ኤርሎኩን መልሳችሁ በተገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ወር አቆዩት። በዚህ ጊዜ የቀረው እርሾ ይረጋል፣ ስለታም የሆነው ኮምጣጣነት ይበርዳል። ከላዩ ስስ ነጭ ሽፋን ካያችሁ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ከሥሩ በቱቦ አውጥታችሁ ሌላ ዕቃ እስከ አፉ ሙሉበትና አንድ የካምደን ኪኒን ጨምሩ።

አሁን ብትቀምሱት ላይጥማችሁ ይችላል። ሹል፣ ደረቅ፣ አንዳንዴም ባዶ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚደፋው፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ሌላ መጠጥ ነው።

9. ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት

በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰና 1.000 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መፍላቱ አብቅቷል። ከእንግዲህ ምርጫው የእናንተ ነው።

ጋዝ የሌለው ከፈለጋችሁ በቀጥታ ቀድታችሁ ክደኑ።

ጋዝ ያለው ከፈለጋችሁ ለአንድ ጋሎን 25 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ስኳር በጥቂት ውኃ አፍልታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ቀላቅሉና ቅዱ። ከዚህ አታብዙ። ቆርኪ የሚመታበት የቢራ ጠርሙስ ወይም ወፍራም የሻምፓኝ ጠርሙስ ብቻ ተጠቀሙ፤ የወይን ጠርሙስና የጭማቂ ጠርሙስ ይህን ግፊት አይችሉም። አንድ የፕላስቲክ የለስላሳ ጠርሙስም አብራችሁ ሙሉ። ፕላስቲኩ በጣት ሲጫኑት ድንጋይ ከሆነ ሌሎቹም ደርሰዋል፤ ሁሉንም ወደ ፍሪጅ አስገቡ። ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

ጣፋጭ የምትፈልጉ፣ እኛ አበሾች ደግሞ አብዛኞቻችን እንፈልጋለን፣ የጠጁን ልማድ እዚህ ተዉት። የደረቀ ሳይደር ላይ ማር ወይም ስኳር ጨምሮ ማሸግ እርሾውን መልሶ ማስነሳት ነው። የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ጋዙ መውጫ የለውም፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይፈነዳል፣ ሰውም ይጎዳል። ሁለት ደህና መንገድ አለ። አንዱ፣ ብርጭቆ ውስጥ ከቀዳችሁ በኋላ ማር በጥብጦ መጨመር ነው፤ ሰርግ ካልሆነ ይኼ ይበቃል። ሌላው፣ ሳይደሩ ጥርት ካለ በኋላ ፖታሲየም ሶርቤትና ካምደን አንድ ላይ ጨምሮ፣ አንድ ቀን ጠብቆ፣ ከዚያ ማጣፈጥ ነው። ሶርቤት የሚሠራው ግን እርሾው በረጋበት ላይ ነው፤ ገና የደፈረሰ ሳይደር ላይ ብትጨምሩት አትመኑት። እንዲህ የጣፈጠው ደግሞ ያለ ጋዝ ነው የሚጠጣው።

ኦክቶበር አጋማሽ የተለቀመ አፕል ለገና ቢቀመስም ገና ጥሬ ነው። ለፋሲካ አስቡት። ጠርሙሱ ላይ ቀኑን፣ የትኞቹን አፕሎች በምን መጠን እንደቀላቀላችሁና ሁለቱን የሃይድሮሜትር ቁጥሮች ጻፉ። ቅምሻው ላይ ውኃ ውኃ ካላችሁ በሚቀጥለው ዓመት ከጣፋጩ ቀንሳችሁ ዋይንሳፕና ክራብ ጨምሩ፤ በጣም ከኮመጠጠ ግራኒ ስሚዙን ቀንሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኮምጣጤ ሆኖ ቢገኝም አትድፉት። አፉን በጨርቅ ሸፍናችሁ ሁለት ወር ተጨማሪ ተዉት፤ ለሰላጣና ለሥጋ ማለስለሻ ጥሩ የአፕል ኮምጣጤ ይወጣዋል። ከጠጁ ዕቃ ግን አርቁት፤ የነካውንም ቱቦና ውታፍ ለጠጅ አትመልሱ።